ቀን ወንበር፣ ማታ አልጋ፦ የድሮው የአየርላንድ ገጠር ቤት

እስቲ ይህን ወንበር እዩት። ረጅም የእንጨት ወንበር ነው፣ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳ ተደግፏል። አሁን መቀመጫውን ወደ ፊት ልገልብጠው። አያችሁ? መሬት ላይ ሳጥን ሆነ! ማታ ልጆች ይተኙበታል። እንግዳ ከመጣ ደግሞ እንግዳው። ሴትል ይባላል። ሶፋ አልጋ ገዝታችሁ የዘመናችሁ የመሰላችሁ ሰዎች፣ የአየርላንድ ገበሬ ቀድሟችኋል።

እኔን የሚያስታውሰኝ መደብን ነው። መደብ ላይ የተኛ እጁን ያውጣ! ቀን ቡና ይጠጣበታል፣ ማታ አጎዛ ጣል ይደረግና ይተኛበታል። ጧት አጎዛው ይነሳል፤ ማን እዚያ እንዳደረ አይታወቅም። ሴትልም እንደዚያው ነው፤ ጧት ምንጣፉን ውስጡ ትቶ መክደን ነው። ልዩነቱ? ከመደብ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ከሴትል ግን አትወድቁም፣ ሳጥን ነዋ!

የቤቱን አሠራር በፍጥነት ልለፈው፦ ድንጋይ ወይም ጭቃ፣ ኖራ ቅብ፣ የሣር ክዳን፣ ወርዱ አንድ ክፍል። እንጨት ብርቅ ስለነበር ከረግረግ ውስጥ ሺህ ዓመታት የተቀበረ ግንድ ቆፍረው ያወጣሉ። የወንበር መቀመጫም ከገለባ ገመድ ይሠራሉ፣ ሱጋን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1841 በተደረገው የአየርላንድ ቆጠራ ግን ከሲሶ በላይ የሚሆነው ቤት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ጎጆ ነበር። ሴትል ያለው ቤት ደህና ቤት ነው።

ቆይ፣ ግማሽ በሩ! ባለፈው ቪዲዮ ስንቶቻችሁ «የመስኮት ግብር ሽሽት ነው» አላችሁ? በመስኮት ብዛት የሚከፈል ግብር ነበር፤ ግማሽ በር ብርሃን ያስገባል፣ መስኮት ግን አይባልም ብላችሁ ነው። አይደለም። ግብሩ አየርላንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው፤ ባለ ሁለት መስኮት ጎጆን ደግሞ አይነካም ነበር። ታዲያ ምን ሽሽት ነው? ከሙሉው በር ፊት ያለው ግማሽ በር ሕፃኑን ውስጥ፣ ከብቱን ውጭ ያስቀራል። ብርሃንና አየር በላዩ ይገባል። ክርንን አስደግፎ ከጎረቤት ለማውራትም ይመቻል። እኔ ብሆን ለወሬው ብቻ አሠራው ነበር።

ዶሮንም ይከለክላል ልል ነበር፤ ግን አንዳንድ ቤት የሳህን መደርደሪያው የታችኛው ክፍል የዶሮ ቤት ነው። ከላይ ሳህን፣ ከታች ዶሮ። ሙቀት ያገኘች ዶሮ በብርዱ ወራትም ትጥላለች ይሉ ነበር።

ሁሉም ከተኛ በኋላ የቤቱ እመቤት ምድጃው ጋ ትቀራለች። የሚነደው ተርፍ ነው፤ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ፣ እንደ ማገዶ የሚነድ አፈር። ፍሙን ትሰበስብና በአመድ ታዳፍነዋለች። አዎ፣ ማዳፈን፣ የኛው ማዳፈን። ጧት አመዱን ገለጥ፣ እፍ፣ እሳት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ድስቱን የሚያንጠለጥለውን ብረት አሳያችኋለሁ።