«ዩፎ ወሰደኝ» የሚሉት ሰዎች እየዋሹ ነው?

[ምስል፦ ሌሊት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ]

ማታ ሐረጎን ስትወርዱ ከኋላችሁ አንድ መብራት ሙጭጭ ብሎ ቢከተላችሁ ምን ትላላችሁ? ሲኖትራክ ነዋ!

ቤቲና ባርኒ ሂል ግን የተከተላቸው መብራት ሰማይ ላይ ነበር፤ ዩፎ የሚሉት፣ ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር። በፈረንጆቹ መስከረም 1961፣ እነዚህ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ከካናዳ ሲመለሱ ኒው ሃምፕሻየር ተራሮች ውስጥ አዩት፤ ቤታቸውም ካሰቡት ሰዓት ዘግይተው ደረሱ። ከቀናት በኋላ ቤቲ ቅዠት ጀመራት፤ አጫጭር ፍጡሮች መንኮራኩር ውስጥ አስገብተው ሲመረምሯት ታያለች። በ1964 ቦስተን ውስጥ ቤንጃሚን ሳይመን የሚባል የአእምሮ ሐኪም በሂፕኖሲስ፣ ማለትም በንግግር እንደ ማፍዘዝ አድርጎ፣ ሲያናግራቸው ሙሉው የጠለፋ ታሪክ ወጣ፣ ባርኒማ በፍርሃት ጮኸ። ሐኪሙ ራሱ ግን ጠለፋውን አላመነም። የቤቲ ሕልም ባሏ ላይ ተጋብቶ ነው አለ።

ሂፕኖሲስ እንደዚህ ነው፤ የታየውንና የታሰበውን ይቀላቅልና ሰውየውን «እርግጠኛ ነኝ» ያስብለዋል።

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ አልጋ]

ሌሎቹስ፣ አልጋቸው ላይ ተወሰድን የሚሉት? እሱን እንኳ እኛም እናውቀዋለን። ዱካክ ነው። ዓይናችሁ ተገልጧል፣ ክፍሉ ይታያችኋል፣ እጃችሁ ግን አይንቀሳቀስም፣ ደረታችሁ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል፣ በሩ ጋ ደግሞ የሆነ ሰው ቆሟል። ሕልም በምናይበት እንቅልፍ፣ ተነስተን ሕልሙን እንዳንሠራው አንጎል ጡንቻችንን ይቆልፋል። አንዳንዴ ቁልፉ ሳይከፈት እንነቃለን፣ ሕልሙም ገና አላለቀም። በሩ ጋ የቆመው ማን እንደሆነ የሚነግረን ያደግንበት ወሬ ነው። ደሴ ላይ ጂን ነው፣ አሪዞና ላይ ትልልቅ ዓይን ያለው ግራጫ ፍጡር።

«ቀጣፊዎች!» ለማለት ግን አትቸኩሉ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ማክናሊና ባልደረቦቹ ተጠለፍን የሚሉ ሰዎችን የራሳቸውን ታሪክ መልሰው አሰሟቸው። ልባቸው ደነገጠ፣ እጃቸው አላበው፣ ልክ እውነተኛ መከራ እንዳለፈበት ሰው። ሰውነታቸው አምኖታል። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ እነሱ ላይ መሳቅ ትቻለሁ።

ዱካክ ለሚመላለስባችሁ፦ አብሽሩ፣ በጀርባ አትተኙ፣ እንቅልፍም አታጓድሉ። ቃሚዎች ደግሞ ባልቃሙበት ሌሊት ይብሳል ይላሉ። እናንተ ጋስ በሩ ጋ የሚቆመው ምን ይመስላል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።