ማጅራተ ነጯ እርግብ እና የባሌው የሣር አይጥ

ሰላማዊት፦ በአዲስ አበባ ጣሪያዎችም ሆነ በላሊበላ አለቶች ላይ የምናያትን፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ መቀነት የመሰለ ምልክት ያላትን ግራጫ እርግብ ከሣር አይጥ ጋር ለማነጻጸር ማሰብህ እንግዳ ሆኖብኛል። ምን አገናኛቸው?

ዮናስ፦ ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው። እርግቧ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አትገኝም፤ እኔ የማነሣው የሣር አይጥ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባለው የኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም በባሌ ተራሮች ይኖራል። የሳኔቲ አምባ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነና ሌሊቱ ውኃ እስኪያረጋ ስለሚበርድ፣ ይህ አይጥ እንደ ቤት አይጥ ጨለማን ጠብቆ አይወጣም፤ ሌሊቱን በጉድጓዱ አሳልፎ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሣር ሊግጥ ብቅ ይላል።

ሰላማዊት፦ እርግቧም የምትሰማራው በቀን ነው፤ ነገር ግን ክንፍ ስላላት ከገደል ወርዳ ከአውድማና ከታጨደ ማሳ እህል ለቅማ ማታ ወደ ማደሪያዋ መመለስ ትችላለች።

ዮናስ፦ አይጡ ግን ከጉድጓዱ አፍ ብዙ ሊርቅ አይደፍርም፤ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮ በዙሪያው አለ። ብዙዎቹ የቀበሮ ዘመዶች ሌሊት ሲያድኑ ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድነው ምግቡ በቀን ስለሚወጣ ነው። ጥቂት ይራመድና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ ያዳምጥና ድንገት ይዘላል። በመላ አገሪቱ ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመተው ይህ አውሬ የሚኖረው በአብዛኛው በፍልፈልና በእንዲህ ያሉ አይጦች ነው፤ አይጥን መናቅ የለመድን ሰዎች ይህን ብናስብበት አይከፋም።

ሰላማዊት፦ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አስተዳደጋቸው ነው። አይጥ አጥቢ በመሆኑ ግልገሎቹን የምታጠባው እናቲቱ ብቻ ናት። እርግቦች ግን ጡት ሳይኖራቸው፣ ወንዱም ሴቷም ጉሮሯቸው ሥር ባለው የእህል ከረጢት ውስጥ እንደ አይብ የረጋ ምግብ አዘጋጅተው ጫጩቶቻቸውን ይመግባሉ።

ዮናስ፦ አባትም ጭምር ማለትሽ ነው?

ሰላማዊት፦ አባትም ጭምር። ጫጩቱ ምንቃሩን ወላጁ አፍ ውስጥ ከትቶ ያንን ምግብ ሲወስድ ሁለቱም አንገታቸውን እያርገፈገፉ ስለሚወዛወዙ፣ ከሩቅ ላየ ሰው ጠብ ይመስላል።