አንዲት ትንሽ ካፓሲተር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጊታሬን አላነሳሁም። ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ የተፈታ ፔዳል፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ የሚቀይር በእግር የሚረገጥ ሣጥን አለ፤ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

ስፈልገው የኖርኩት የድሮ ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም በመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ ድምፅ ነው። አምፕ ሠሪው ማርሻል በ1962 ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕ ሲሠራ መነሻው የሌላው ሠሪ፣ የፌንደር፣ ቤዝማን አምፕ ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ንድፍ) ነበር። እነዚህ አምፖች እስከ ጥግ ሲከፈቱ ቲዩቦቹ አቅም ያንሳቸውና የሞገዱ ጫፍ ይደፈጠጣል፤ በአንዴ ግን አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው። ለስለስ አድርጋችሁ ስትመቱ ይጠራል፣ ጠንከር ስትሉ ይሻክራል። እዚያ ለመድረስ ግን ግድግዳ የሚያናውጥ ድምፅ ያስፈልጋል። ፔዳል መሥራት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቲዩብ ስክሪመር የተባለውን ታዋቂ ፔዳል ሰርኪዩት ይዤ ወራት የፈጀሁት ዳዮድ፣ ማለትም የሞገዱን ጫፍ የሚቆርጠውን ክፍል ስቀያይር ነው። ሲሊከኑ 0.6 ቮልት አካባቢ ይቆርጣል፣ ጀርማኒየሙ ከዚያ በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ቀዩ ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጠው ዳዮድ) ደግሞ 1.7 አካባቢ። ልዩነት አላቸው፤ በተለይ ኤልኢዲው ለድምፁ ትንፋሽ ይሰጠዋል። የፔዳሉ ድምፅ ላይ ያለው፣ በአፍንጫ የሚዘፍን ሰው የሚመስል ነገር ግን ንቅንቅ አላለም።

መልሱ እዚያው ዳዮዶቹ አጠገብ ነበር። ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ባለ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ከ720 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ እንደ ላይኛው እንዳይጎላ ያደርጉታል። ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) ሳይነካ ያልፋል፣ የሚሻክረው መሃሉና ቀጭኑ ነው። ካፓሲተሯን በ0.1 ስቀይራት ወሰኑ ወደ 340 ሄርዝ ግድም ወረደ። ያን ማታ የመጀመሪያውን ኮርድ ስመታ... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ስስት ያዘኝና 0.22 አደረግኳት። ወፍራሞቹ ገመዶች ተድበሰበሱ፤ ኖታው ከኖታው አይለይም። ቤዙ ከመሻከሩ በፊት ካልተቀነሰ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የአምፕ ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ የ1960ዎቹ መጨረሻ ማርሻሎች ብሩህ ቻናል (ደመቅ ያለ ድምፅ የሚሰጠው የአምፑ መግቢያ) ላይ ያለችው 0.68 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የምትሠራው ይህንኑ ነው። ለዓመታት ዲያግራሙ ላይ አይቻት አልፌያለሁ።

አሁን 0.047ቷንም 0.1ዷንም በማብሪያ ማጥፊያ አገናኝቻቸዋለሁ። በትንሽ አምፕ ዝግ ብዬ ስጫወት ትልቋ ትሻላለች። ትልቁ አምፕ ሲከፈት ግን ቤዙን ራሱ ስለሚሰጥ፣ እጄ ተመልሶ ወደዚያች ወራት ሙሉ ወደወቀስኳት ትንሿ ይሄዳል።