ባህሩ ከጅማ ስንት ይርቃል?

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከቴክኖሎጂው ግቢ ድረስ ለመጣችሁት ተማሪዎች ለብቻ ምስጋና አለኝ። ቶሎ ልናገርና ቶሎ ልጨርስ። ጀንበር ስትጠልቅ ይህን ሬዲዮ መክፈት አለብኝ፣ እሱ ከኔ ወሬ ይበልጣል።

መካከለኛ ሞገድን ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁት አባቶቻችሁ ያውቁታል። ኤፍ ኤም ሳይመጣ በፊት፣ የቆዳ ልብስ ለብሶ መደርደሪያ ላይ በሚቀመጠው ሬዲዮ ዜና ይሰማበት የነበረው መስመር ነው። በዚሁ ሞገድ ውስጥ ለአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ ለሚላላኩ፣ የተሰጠ ቦታ አለ። አንዱ ከ1.8 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፣ 160 ሜትር እንለዋለን። ሌላው ከ472 እስከ 479 ኪሎ ኸርዝ ያለችው ጠባብ መስመር ናት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ የተፈቀደች (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የዚህች መስመር የሞገድ ርዝመት 630 ሜትር ገደማ ነው። የሚፈቀደው ኃይል ደግሞ በብዙ አገር ከአንቴናው የሚወጣ 1 ዋት ብቻ። ከትንሽ የእጅ ባትሪ አይበልጥም።

በዚህች 1 ዋት ውቅያኖስ የተሻገሩ መልእክቶች አሉ። እንዴት?

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ውሃ ጠዋት ከቧንቧ የቀዳሁት ነው። ይህ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው፣ ይህች ትንሽ መብራት፣ እነዚህ ሁለት ሚስማሮች። ሚስማሮቹን በመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ስነክራቸው ተመልከቱ። መብራቷ አለች የለችም ያሰኛል። ከኋላ ያላችሁ ጭራሽ አይታያችሁም። አሁን በሁለተኛው ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው ልጨምር፣ ያው ከሂርማታ ገበያ የተገዛው፣ እናቶቻችን ቡና ላይ ጣል የሚያደርጉት ጨው ነው። ላማስለው። ልንከር። አያችሁ?

በባህርና በመሬት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ጨው ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ይሆናል። የባህር ውሃ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ በሜትር ከ4 እስከ 5 ሲመንስ ነው። ጥሩ እርጥብ አፈር 0.01 አካባቢ፣ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ደግሞ 0.001። ባህሩ ከመሬት በመቶዎች፣ ከደረቁ ደግሞ በሺዎች እጥፍ ይራራቃል ማለት ነው።

ታዲያ ሞገዱ ምን አገባው? መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን የሚጓዘው መሬቱን ተጠግቶ ነው። በሄደበት ሁሉ ከስሩ ባለው ነገር ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ስሩ ያለው ባህር ከሆነ ያ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይፈሳል፣ ሞገዱም ብዙ አይከስርም። ስሩ ደረቅ ድንጋይ ከሆነ ግን ጉልበቱ እየሰረገ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሞገዱ ራሱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እንደ ደከመ ተሸካሚ። በ475 ኪሎ ኸርዝ ባህር ውስጥ ገና 40 ሳንቲ ሜትር ሳይገባ ጉልበቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ባህሩ አላስገባም ይለዋል፣ በላዩ ላይ ያንሸራትተዋል። መካከለኛ አፈር ውስጥ ግን 10 ሜትር ያህል ይሰርጋል። 10 ሜትር ማለት ጥልቅ የጉድጓድ ውሃ ነው።

ወረቀት ላይ ስታሰሉት እንዲህ ይመጣል። አንድ ሰው ከባህር ዳርቻ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች መርከብ ላይ ሆኖ ይስማን እንበል። ሌላው እኩል ርቀት ላይ፣ ግን በደረቅ ድንጋያማ አገር ላይ ይስማን። የሁለተኛው ሰው ምልክት በ25 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። መሬቱ እርጥብና ለም ከሆነ ግን ከባህሩ ግማሽ ያህሉ ይደርሳል። በ160 ሜትር ላይ መሬት ከዚህም ይብሳል። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር መሬት ይጨክናል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። ጣና ባህር አይደለም ወይ? አይደለም። ለሬዲዮ አይደለም። ጨው የሌለው ውሃ እንደ መጀመሪያው ብርጭቆ ነው፣ ከጥሩ አፈር ብዙም አይሻልም። ሻላና አብያታ ግን ጨዋማ ስለሆኑ ለሞገዱ ወደ ባህር ይቀርባሉ። አንድ ቀን አንቴና ይዤ ሻላ ዳር መቆም እመኛለሁ፣ እውነቴን ነው።

ድሮ መርከበኞች ይህን ሁሉ በልምድ ያውቁት ነበር። የመርከቦች የጭንቅ ጥሪ የሚላከው በ500 ኪሎ ኸርዝ ነበር፣ አሁን ካለችን መስመር አጠገብ። በመርከቡ የሬዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰዓት በቀይ የተቀቡ ሁለት ቁራጮች ነበሩት፣ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ደቂቃና ከ45ኛው እስከ 48ኛው። የሰዓቱ ዘንግ ቀዩ ላይ ሲደርስ በዚያ መስመር ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ደካማ የኤስ ኦ ኤስ ድምፅ ካለ እንዲሰማ። ይህ ሥርዓት በ1999 በሳተላይትና በሌላ መሣሪያ እስኪተካ ድረስ ቆየ። ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ለማያውቁት ሰው ጆሮ መስጠት! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የባህር ጠረፉ ነገር ነው። በመሬት ላይ ሄዶ ሄዶ የደከመ ሞገድ ባህር ላይ ሲወጣ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ድካሙ የሚቀጥል ነው የሚመስለው። አይቀጥልም። ከጠረፉ አልፎ ባህሩ ላይ እንደገና ይበረታል። መሬቱ የበላው ታችኛውን ነው፣ ከፍ ብሎ የነበረው ብዙም አልተነካም። ባህር ላይ ሲደርስ ያ ከላይ የተረፈው ጉልበት ወደ ታች ይወርድና ጉድለቱን ይሞላል። ሚሊንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የስሌቱን መንገድ በ1949 አሳትሞታል። መጀመሪያ ሳነበው ስህተት መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

እሺ፣ እኛስ? ከዚህ ቅርብ የሚባለው ባህር በአየር መስመር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመካከሉ ተራራ አለ፣ ስምጥ ሸለቆ አለ፣ ደረቅ ቆላ አለ። ቀን በመሬት ላይ ተጠግቶ የሚሄድ 1 ዋት እዚያ አይደርስም።

ማታ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምትፈጥረው አንድ ንብርብር አለ፣ ዲ ይባላል። ቀን ወደ ላይ የወጣውን ሞገድ ይውጠዋል። ጀንበር ስትገባ ይከስማል። ያኔ ሞገዱ ወደ ላይ ያልፍና ከፍ ካሉት ንብርብሮች ተመልሶ ሩቅ አገር ይወርዳል።

እኛ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይህን ያዙልኝ። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው። መግነጢሱ እዚህ አግድም ተኝቷል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ማታ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲልክ ብዙ ይከስራል፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሻለዋል። አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ይህን ላያነሳው ይችላል፣ እነሱ ዘንድ አይደርስማ። እዚህ ሆኖ የሚለካው ሰው ያስፈልጋል።

ከራሴ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሽቦዬን የሰቀልኩት ጓሮ ባለው ባህር ዛፍ ላይ ነው። በጋ ላይ አስተካክዬው ደስ ብሎኝ ነበር። ክረምት ገባ፣ ቅጠሉ ረጠበ፣ ሁሉም ተዛባ። ዛፉ ራሱ ጉልበት ይጠጣል። የጅማ መሬት እርጥበቱ ይጠቅመናል፣ የጅማ ዛፍ ደግሞ ያስከፍለናል። ክረምት ላይ መብረቁም አለ፣ ጆሮ ላይ ቆሎ እንደሚቆላ ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከቤት ወጥታችሁ አዳምጡ። ቻርጀሩ፣ ርካሹ አምፖል፣ ሁሉም አብሮ ዝም ይላል። ሰፈሩ ሲያማርር እኔ ሬዲዮ ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባል የአማተር ጣቢያ አለ፣ መንገዱን እዚያ መጠየቅ ይቻላል። ለመጀመር ግን ማዳመጥ ይበቃል። በ1993 በፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ጆ ቴይለር ዊስፐር የሚባል ፕሮግራም ሠርቷል። አንዱ መልእክት ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል፣ ጆሮ ጨርሶ የማይሰማውን ምልክት ኮምፒውተር ያነበዋል። ትንሽ ኤስዲአር መቀበያ (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ)፣ ላፕቶፕና ረጅም ሽቦ ካላችሁ ከቅዳሜ ጀምሮ እንገናኝ። አንዱ ቡድን ከአዌቱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ከጅሬን ጋራ ላይ ያዳምጥ። በበጋም በክረምትም እንመዝግብ።

ጀንበሯ ገብታለች። አንተ ልጅ፣ ና፣ ሬዲዮውን ያዝልኝ። ከ531 ኪሎ ኸርዝ ጀምር። ቀስ እያልክ አዙረው። ድምፅ ስታገኝ ሬዲዮውን ራሱን ወደ ጎን አዙረው፣ የሚጠፋበትን አቅጣጫ ፈልግ። የሚጠፋው የሬዲዮው ጫፍ ወደ ጣቢያው ሲያመለክት ነው። ከየት እንደመጣ እንወቅ።