አንድ ኮምፒውተር፣ አራት ሠራተኛ፦ የአድሚን ሥልጣን ለማን ይሰጥ?

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የመዝገብ ቤትና የሒሳብ ሠራተኞች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዴስክቶፕ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል እንበል። ጠዋት ጸሐፊዋ ደብዳቤ ትጽፍበታለች። ረፋድ ላይ ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕት ያወጣበታል። ከሰዓት ሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከፍታ ደረሰኝ ትመዘግባለች። በፈተና ሰሞን ደግሞ መምህራን ተራ በተራ ውጤት ወደ ሮስተር ያስገቡበታል። ሁሉም የሚገቡት በአንድ አካውንት ነው፤ አካውንቱ አድሚን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ነው፤ ፓስወርዱም ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።

እዚህ ኮምፒውተር ላይ የአንድ ተማሪ ውጤት ቢቀየር ማን እንደቀየረው ዊንዶውስ ሊነግረን አይችልም። ለእሱ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪና የወላጅ መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን ካልተፈቀደለት ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። «ሁላችንም እንተማመናለን» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ብዙ ቦታ የሚወሰደው መፍትሔ የፒችትሪን አይከን ከዴስክቶፕ ላይ ማጥፋት ነው። አይከኑ ግን ፕሮግራሙ አይደለም፣ ወደ ፕሮግራሙ የሚያደርስ ምልክት ነው፤ ስታርት ላይ ስሙን የጻፈ ያገኘዋል። ትንሽ ሻል ያለው ሰው ግሩፕ ፖሊሲ ወደሚባለው የዊንዶውስ የደንብ ማውጫ ገብቶ «ዶንት ራን ስፔሲፋይድ ዊንዶውስ አፕሊኬሽንስ» የሚለውን ያበራል። ይህም ፕሮግራሙን የሚለየው በፋይሉ ስም ብቻ ስለሆነ ኮፒ አድርጎ ስሙን የለወጠ ሰው ይከፍተዋል። ከሁሉም በላይ፣ አድሚን የሆነ ሰው እኛ የከለከልነውን መልሶ መፍቀድ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከአካውንቱ ነው።

መጀመሪያ አንድ አዲስ የአድሚን አካውንት ክፈቱ፤ ጠንካራ ፓስወርድ ስጡት፤ ከነባሩ ወጥታችሁ በአዲሱ ግቡና መሥራቱን አረጋግጡ። ይህ ሳይፈተሽ ነባሩን ዝቅ ማድረግ ቁልፉን ውስጥ ትቶ በር መዝጋት ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አካውንት ክፈቱ፤ ዓይነቱ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይሁን። ነባሩንም ወደ ስታንዳርድ ቀይሩት። በአሮጌው አካውንት ዴስክቶፕ ላይ የነበሩ ፋይሎች ለአዲሶቹ ስለማይታዩ የጋራ የሆኑትን ብቻ ወደ ጋራ ፎልደር አውጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አካውንቱን ዝቅ አድርጎ ወዲያው ሲሞክረው አሁንም የአድሚን ሥራ ይሠራለታል፤ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ዊንዶውስ የአንድን ሰው ሥልጣን የሚመዘግበው በሚገባበት ቅጽበት ነው፤ የያዘውንም ወረቀት እስኪወጣ ድረስ አይቀይርለትም። ሳይን አውት አድርጎ እንደገና መግባት ግድ ነው። ስክሪን መቆለፍ አይበቃም።

ሥልጣኑ ሲነሳ አንዳንድ ሥራ ይቆማል። ትልቁ ፈተና የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው፤ ቴክኒሻኑ ይጨነቅና አድሚኑን ይመልሳል። የቆመበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱን ተመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ብራውዘሩ የድረ ገጾችን ሰርተፊኬት አይቀበልም፤ ኢንተርኔቱ እያለ ገጹ አይከፈትም። ስታንዳርድ ዩዘር ቀን መቀየር ስለማይችል ጸሐፊዋ «አድሚን ስጡኝ» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ሥራዋ ቆሟል። መድኃኒቱ ግን ባትሪዋን መለወጥ ነው። ቀን መቀየር የሚችል ሰው ደረሰኝ ወደ ኋላ ቀን ሊያስገባም ይችላልና ይህን ፈቃድ በቀላሉ አትስጡ።

ሌላው አሮጌ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያሉት ዳታቸውን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍ ይፈልጋሉ፤ ስታንዳርድ ዩዘር እዚያ መጻፍ አይፈቀድለትም። ዊንዶውስ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ብሎ ጽሑፉን በዝምታ «ቨርቹዋል ስቶር» ወደሚባል፣ በተጠቃሚው አፕዳታ ሥር ወዳለ ፎልደር ያዞረዋል። ሬጅስትራሩ ያስገባውን ሌላው አያየውም፤ «ዳታው ጠፋ» ይባላል። አልጠፋም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቅጂ እያየ ነው። ቅጂዎቹን ሁሉ ባክአፕ ውሰዱ፤ ትክክለኛውን ወደ ዋናው ቦታ መልሱ፤ በየአካውንቱ የቀሩትን ቅጂዎች ከቨርቹዋል ስቶር አጥፉ፤ ለሚመለከታቸው ሰዎች በዳታ ፎልደሩ ላይ ብቻ «ሞዲፋይ» ፈቃድ ስጡ።

ፕሪንተር ቀላል ነው፤ ድራይቨሩ አንድ ጊዜ በአድሚን ከተጫነ ሁሉም ያትማል።

አሁን ወደ ፒችትሪው እንምጣ፤ ዛሬ ሴጅ 50 ተብሏል። ፕሮግራሙ ውስጥ ሜንቴይን፣ ዩዘርስ፣ ሴት አፕ ሴኩሪቲ ገብቶ ለየሰው ፓስወርድ መስጠት ይቻላል፤ ይህን አድርጉት። ነገር ግን የውስጡ ፓስወርድ የዳታ ፎልደሩን ከውጭ ኮፒ ከማድረግ ወይም ከመሰረዝ አይጠብቅም። «ሒሳብ» የሚል ግሩፕ ፍጠሩ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋን አስገቡበት። በፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ ግቡ። «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» በሉና የወረሱት ፈቃዶች በግልጽ እንዲጻፉ ምረጡ። ከዚያ «ዩዘርስ» እና «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» የሚሉትን ሁለቱንም አውጡ፤ «ሒሳብ»ን ጨምሩ። ሁለተኛውን አትርሱ፤ በሲ ድራይቭ ሥር በቀጥታ የተፈጠረ ፎልደር ለማንኛውም የገባ ሰው የመቀየር ፈቃድ ይወርሳል።

በ«ዩዘርስ» ላይ «ዲናይ» የሚለውን ግን አታድርጉ። ሒሳብ ሠራተኛዋም የ«ዩዘርስ» አባል ናት፤ ክልከላ ከፈቃድ ስለሚበልጥ እሷም አብራ ትዘጋለች። ፈቃዱን ማንሳት ይበቃል።

ኮንትሮል ፓናልን፣ ሬጅስትሪ ኤዲተርንና ኮማንድ ፕሮምፕትን ለመዝጋት ግሩፕ ፖሊሲ ጥሩ ነው፤ ዊንዶውስ ሆም ላይ ግን መሣሪያው የለም፣ ፕሮና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጂፒኤዲትን፣ ማለትም የግሩፕ ፖሊሲ ማረሚያውን፣ በቀጥታ ከፍቶ በ«ዩዘር ኮንፊገሬሽን» ሥር የከለከለ ሰው ራሱን አድሚኑንም ይከለክላል። ይልቅ ኤምኤምሲ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ መስኮት ክፈቱ፤ ፋይል፣ አድ ኦር ሪሙቭ ስናፕ ኢን፣ ግሩፕ ፖሊሲ ኦብጀክት ኤዲተር፤ ብራውዝ ብላችሁ «ዩዘርስ» የሚለው ታብ ላይ «ነን አድሚኒስትሬተርስ» ምረጡ። የምታደርጉት ሁሉ አድሚን ያልሆኑትን ብቻ ይይዛል። ኮማንድ ፕሮምፕትን የሚዘጋው ፖሊሲ ፓወርሼልን እንደማይዘጋ እወቁ።

በፍላሽ የሚመጣ ፕሮግራም ሌላ ጣጣ ነው፤ ያለ አድሚን ፈቃድ ከፍላሹ ላይ ይሠራል። ይህን የሚይዘው አፕሎከር የሚባለው፣ የትኛው ፕሮግራም እንዲሠራ የሚወስነው የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ «ዲፎልት ሩልስ» የሚሉትን ፍጠሩ፤ እነሱ ሳይኖሩ አንድ ደንብ ብቻ ብታበሩ ያልተፈቀደው ሁሉ ይዘጋል፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚፈልጋቸው ፋይሎች ሳይቀሩ። «አፕሊኬሽን አይደንቲቲ» የሚባለው ሰርቪስ ካልተነሳ ደግሞ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለሁለት ሳምንት «ኦዲት ኦንሊ» ላይ ተዉት፤ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ቁጥር 8003 ሊዘጋ የነበረውን ያሳያችኋል። ተጠቃሚው በራሱ አካውንት ብቻ የጫነው ብራውዘር እዚያ ዝርዝር ላይ ከታየ በአድሚን ለሁሉም እንደገና ጫኑት፤ ከዚያ ክልከላውን አብሩ። ያኔ በትክክል የተዘጋው በ8004 ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ በፍላሽ ሌላ ሲስተም የሚያስነሳ ሰው ዲስኩን እንዳሻው ያነበዋል። ባዮሱ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ በሚነሳው ፕሮግራም ላይ፣ ፓስወርድ አድርጉ፤ ከዩኤስቢ መነሳትን ዝጉ። ያቺ ክብ ባትሪ እዚህም ትመለሳለች፤ በብዙ ዴስክቶፖች ላይ ባትሪዋን ያወጣ ሰው የባዮሱን ፓስወርድ ያጠፋል። ስለዚህ የሲስተም ዩኒቱ ክዳን ይቆለፍ። ዊንዶውስ ፕሮ ካላችሁ ዲስኩን የሚመሰጥረውን ቢትሎከር አብሩ፤ ባለ 48 አሃዙን የማገገሚያ ቁልፍ አትሙ፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡት።

አድሚን ሁለት ሰው ከሆነ ሁለት አካውንት ይኑር። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አጋማሽ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቲኤስኤስ በሚባለው የጋራ ሲስተም ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ማውጫ ሥር በአንድ ጊዜ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ የፓስወርድ ፋይሉን፣ ሌላው የዕለቱን መልእክት እያረሙ። ኤዲተሩ ለጊዜያዊ ፋይሉ አንድ ቋሚ ስም ብቻ ስለነበረው ሁለቱ ተደባለቁ፤ ወደ ሲስተሙ የገባ ሁሉ የሁሉንም ፓስወርድ ታትሞ አነበበ።

የአድሚን ፓስወርድና የቢትሎከር ቁልፍ በታሸገ ፖስታ፣ በፊርማና በቀን፣ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ቴክኒሻን ሲዘዋወር በርክክብ ሰነዱ ላይ ይግባ፤ ፓስወርዱም በዚያው ቀን ይለወጥ።

ከመውጣታችሁ በፊት በጸሐፊዋ አካውንት ገብታችሁ አምስት ነገር ሞክሩ፦ ፒችትሪ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ክፈቱ፣ የዳታ ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ፣ ከፍላሽ ፕሮግራም አስነሱ፣ ቀኑን ቀይሩ፣ አንድ ደብዳቤ አትሙ። አራቱ መከልከል፣ አምስተኛው መሥራት አለበት።