ሳይሠራ የሚበላ ካርድ

ዛሬ በአድማጮች ሰዓት የገቡት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ግራፊክስ ካርድ (በኮምፒውተር ውስጥ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) እና ስለ መብራት ነበሩ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ከሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ፦ የጌም ዴስክቶፕ ኦንላይን ላዝ ስል «ወደ እናንተ ስቴት አንልክም» አለኝ። መንግሥት ጌም ከለከለ እንዴ?

ኧረ አልከለከለም። የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን በ2016 መጨረሻ ያጸደቀው የኮምፒውተር ደንብ አለ። ዴስክቶፕን መንካት የጀመረው በ2019 ነው፤ በሐምሌ 2021 ደግሞ ጠበቀ። ያኔ አንድ ትልቅ አምራች አንዳንድ የጌም ማሽኖቹን ወደ ስድስት ስቴቶች መላክ ስላቆመ ወሬው ተጋነነ።

ደንቡ ስትጫወት የምትፈጀውን አይቆጥርም። ኮምፒውተሩ በርቶ ሥራ ሲፈታ፣ ሲተኛ፣ ጠፍቶም ሶኬት ላይ ሲቀር የሚስበውን ነው የሚለካው። መነሻ ጣሪያው እንደ ማሽኑ ዓይነት በዓመት ከ50 እስከ 75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጠንካራ ካርድ ላለው ጭማሪ ይፈቀዳል። የሚያስቀኝ ግን ብዙ መሰኪያ ያለው ግዙፍ ማሽን ከዚህ ጣሪያ ነፃ መሆኑ ነው። የሚያዘው መሀል ላይ ያለው ነው። ደንቡ ደግሞ ተገጣጥሞ በሚሸጥ ኮምፒውተር ላይ እንጂ ለብቻው በሚሸጥ ካርድ ላይ አይደለም። ካርዱን ገዝተህ ራስህ ብትሰካው ማንም አይጠይቅህም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ልጄ ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ አያጠፋም። ሁለት ስክሪን አለው። «ምንም አይፈጅም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

እናቴ፣ እንቁጠረው። ሥራ ፈትቶ 60 ዋት ይሳብ እንበል። በአንድ ሌሊት ለስምንት ሰዓት ቢበራ 480 ዋት ሰዓት ነው፤ በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ቅድም ከጠራነው የ75 ጣሪያ እጥፍ በላይ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ ያስተካክለው። ሁለቱ ስክሪኖች የተለያየ የማደሻ ፍጥነት (በሰከንድ ምስሉን የሚያድሱበት ብዛት) ካላቸው ደግሞ፣ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ሜሞሪው ሥራ ሳይኖርም ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ይቀራል። እኩል ያድርጋቸውና በሶኬት መለኪያ ይየው።

ከፍራንክፈርት፦ ክፍት ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊለውጠው የሚችለውን፣ ብቻ ነው የምጠቀመው። እነዚህ የኃይል ደንቦች ክፍት ግራፊክስ ሃርድዌርን አያንቁትም?

አውሮፓም ከ2014 ጀምሮ 617/2013 በሚባለው ደንብ ኮምፒውተሮችን በዓመታዊ ፍጆታቸው ይመዝናል፤ ስጋትህ ይገባኛል። ግን የምትፈራው ሌላ መሆን ነበረበት። የሚያንቀው የተቆለፈ ፈርምዌር ነው፤ ካርዱ ውስጥ ሆኖ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም ማለቴ ነው።

ጥሩ ካርድ ሥራ ሲያጣ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ያወርዳል፤ ሥራ ሲመጣ ያነሳል። ደንቡ የሚፈትነው ይህችኑ ነው። ይህን የሚያዙት ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ካርዱን የሚያናግርበት ፕሮግራም) እና ካርዱ ውስጥ የሚጫነው ፈርምዌር ናቸው። ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ከጂቲኤክስ 900 ካርዶች ጀምሮ የራሱ ፊርማ የሌለበት ፈርምዌር እነዚህን ነገሮች እንዳያዝ ዘጋ። ለሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ክፍት ሥርዓት) ኑቮ የሚባለውን ክፍት ድራይቨር የሚጽፉት ሰዎች መሪውን ተነጠቁ። ካርዱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በያዘው ፍጥነት ተቸክሎ ይቀራል። ጌም ስትከፍት አይፈጥንም፤ ስትዘጋም አያርፍም። ታዲያ እንዲህ ያለው ካርድ ክፍት በሆነ ድራይቨር መብራት ይቆጥብ ብትለው በምን እጁ?

ተፎካካሪው ኤኤምዲ ከ2007 ጀምሮ የካርዶቹን ሰነድ እየለቀቀ መጣ። ዛሬ ድራይቨሩ ከሊኑክስ ከርነል (ከሥርዓቱ እምብርት) ጋር አብሮ ይመጣል፤ ፈርምዌሩ ግን እዚያም ዝግ ነው። ኤንቪዲያም በግንቦት 2022 የከርነል ድራይቨሩን ከፈተ። ብዙውን ሥራ ግን ቀድሞ ካርዱ ላይ ወዳለው ፈርምዌር አዛውሮት ነበር። ሳሎኑን ከፈተልን፣ ዕቃውን ጓዳ አስገባ።

ከቺፑ ጀምሮ ክፍት የሆነ ካርድስ? ኦፕን ግራፊክስ ፕሮጀክት ሞክሮታል። ኦጂዲ1 የተባለው ቦርዱ የተሠራው በኤፍፒጂኤ ነበር፤ ከገዛኸው በኋላ የውስጥ ሽቦውን እንደፈለግህ የምታገናኘው ቺፕ ማለት ነው። ለሙከራ ግሩም ነው። ግን ለአንድ ሥራ ተብሎ ከተሠራ ቺፕ ጋር ስታወዳድረው ይዘገያል፣ መብራትም ይበላል። ሪስክ-ፋይቭ በሚባለው ክፍት የቺፕ ቋንቋ ላይ የተመሠረተው፣ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ክፍት ግራፊክስ ቺፕ ቮርቴክስም የሚሮጠው ኤፍፒጂኤ ላይ ነው። ጉግልና ቺፕ ሠሪው ስካይወተር በ2020 በነፃ የለቀቁት የቺፕ መንደፊያ ሰነድ ደግሞ ለ130 ናኖሜትር ነው። ገበያ ላይ ያሉት ካርዶች 5 ናኖሜትር አካባቢ ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቺፑ መብራት ይቆጥባልና፣ በዋት እንወዳደር ካልን ገና ነን።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ የመብራት ጣሪያ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት አምራቹን «ካርድህ ኃይል የሚቆጥብበትን ትእዛዝ ሰነድ አውጣ» ማለትም ይችላል። ያኔ ደንቡ የክፍት ሃርድዌር ወዳጅ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ፦ በሊኑክስ ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም እሠራለሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነካርዱ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ላስመርጠው?

ክፍት ድራይቨር ካልክ ኤኤምዲ ለዕለት ሥራ ይቀልሃል። ለብሌንደር ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ለማውጣት) ግን የኤኤምዲ ሂፕ የሚባለው ሶፍትዌር ካርዱን መደገፉን አስቀድመህ አጣራ። ኤንቪዲያ ከሆነ ከጂቲኤክስ 1600 ወይም ከአርቲኤክስ 2000 ካርዶች በታች አትውረድ። ከሊኑክስ ከርነል 6.7 ወዲህ ኑቮ የእነዚህን ፍጥነት መቆጣጠር ይችላል፤ የ900 እና የ1000 ካርዶች ግን እንደታሰሩ ናቸው።

የአሜሪካና የእኛ መብራት ቮልቴጅ ስለሚለያይ ይህንንም ልንገርህ፤ ልዩነቱ ካርዱን አይመለከተውም፤ ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት ነው የሚቀበለው። ችግሩ ራሱ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። አዲሶቹ ራሳቸው ይለያሉ። በአሮጌዎቹ ጀርባ ግን 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ ማብሪያ አለ። እኔ አንዴ 115 ላይ ሳለ 220 ውስጥ ሰክቼው «ጧ!» አለ፤ ክፍሉ ለሁለት ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ኮምፒውተሩ ከሻንጣ ሲወጣ ገመዱን ከመፈለግህ በፊት ጀርባውን አዙረህ እየው።