ሁልጊዜ ተቀምጠው ለሚያዩን

እንደምን አመሻችሁ።

የዩኒቨርሲቲያችንን የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ዓመት በአጭሩ ንገሪን ተብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። ስንት ጨዋታ አሸነፍን፣ ስንቱን ተሸነፍን፣ ማን ጥሩ ተጫወተች። እሱ መግቢያው ላይ ተለጥፏል፣ ሁላችሁም አይታችሁታል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ አሰልጣኞቻችን ነው። ልብ በሉልኝ፣ በብዙ ቁጥር ነው ያልኩት። ዛሬ ያስጨነቀኝም ይሄው ብዙ ቁጥር ነው።

አራት ዓመት ሊቤሮ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ቮሊቦል ብዙም ለማትከታተሉ፣ ሊቤሮ ማለት ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ማሊያ ለብሳ ከኋላ የምትጫወተዋ ናት። ሰርቭ፣ ማለት ተጋጣሚ ጨዋታ የሚያስጀምርበትን ምት፣ ትቀበላለች፣ የተመታ ኳስ ታነሳለች። ብሎክ ማድረግ፣ ማለት መረቡ ጋ ዘሎ የተጋጣሚን ምት በእጅ መከልከል፣ ግን አይፈቀድላትም፣ ከመረቡ በላይ ያለ ኳስ መምታትም አይፈቀድላትም። ቦታው ወደ ዓለም አቀፉ ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፣ ማለት ብዙ ዕድሜ የለውም። ተራው ዞሮ ወደ ፊት መስመር መሄድ ሲኖርባት ትወጣለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትመለሳለች። ይሄ መውጣትና መግባት ከሚፈቀዱት ስድስት የተጫዋች ቅያሪዎች ውስጥ አይቆጠርም፣ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ስወጣና ስገባ ነው የምውለው።

እና በወጣሁ ቁጥር የት ነው የምሄደው? ወንበሩ ጋ። አሰልጣኞቹ አጠገብ። አራት ዓመት ሙሉ ላቤን እየጠረግኩ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ጓደኞቼ ሜዳ ላይ ሆነው የማይሰሙትን፣ እናንተም ከመቀመጫችሁ የማታዩትን ነገር እኔ በቅርብ አይቻለሁ። ዛሬ ልናገር የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ከውጭ ሲታይ አሰልጣኝ ማለት ቆሞ የሚጮኸው ሰው ነው። ሕጉም እንደዚያ እንዲመስል ያደርገዋል። በጨዋታ ጊዜ ቆሞ መንቀሳቀስ የሚችለው ዋናው አሰልጣኝ ብቻ ነው። ሁለት ረዳት አሰልጣኞች፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስትና አንድ ሐኪም አብረው መግባት ይፈቀድላቸዋል፣ ግን ቦታቸው ወንበሩ ላይ ነው። ረዳቷ ዳኛው ጋ ሄዳ ልከራከር ብትል አትችልም። ተቀምጣ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ታንሾካሹካለች።

ለዋናው አሰልጣኝም ቢሆን ያን ያህል ብዙ ነገር አልተሰጠውም። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ታይም አውት፣ ማለት አጭር ዕረፍት፣ መጥራት ይችላል፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ነው። በቃ። ሠላሳ ሰከንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሮጠን እስክንሰበሰብ፣ ውኃ እስክንጎነጭ፣ ትንፋሻችን እስኪመለስ ግማሹ ያልቃል። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይይዛል፣ ቢበዛ ሁለት። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ትክክለኛው መሆን አለበት።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አምስተኛ ዙር ላይ ደርሰናል። አምስተኛው የሚያልቀው በ15 ነጥብ ስለሆነ ሦስት ስህተት ማለት ብዙ ነው። የተጋጣሚያችን አንዷ ልጅ ሰርቭ ይዛ ቆማለች፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በግራ በኩል በመስመሩ መታችብን፣ ሁለቱንም አልደረስኩባቸውም። ዋናው አሰልጣኛችን፣ እኛ ኮች የምንላቸው፣ ታይም አውት ጠሩ። ረዳታቸው ደብተሯን ዘርግታ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለቻቸው፣ ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረች፣ ኮች ሁለተኛውን በእጃቸው አስቆሟትና ወደ እኔ ዞረው «ጥጉ ላይ ከቆመች ኳሱ በመስመሩ ነው የሚመጣው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ለምን አልደረስሽም የለ፣ ቁጣ የለ።

ተመለስን። ልጅቷ ጥጉ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ። ኳሱ ደረቴ ላይ መጣ።

ያንን ጨዋታ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ይሄን አልደብቃችሁም። ግን ከዚያች ልጅ ሰርቭ ሌላ ኳስ አልወደቀብንም። ማታ አውቶብስ ውስጥ ረዳቷን እንዴት እንዳወቀችው ጠየቅኳት። ተጋጣሚያችን ቀደም ሲል ከሌሎች ጋር ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ሦስት ሌሊት ተቀምጣ አይታለች። የእያንዳንዷን ሰርቭ መቺ እግር፣ የቆመችበትን ቦታ፣ ኳሱ የወደቀበትን ቦታ አንድ በአንድ ጽፋለች። ለስድስት ሰርቭ መቺዎች። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ እኔ ጋ የደረሰው አንድ እርምጃ ነው። ሌላው ገጽ ባክኗል ማለት አይደለም፣ የትኛዋ እርምጃ እንደምታስፈልገኝ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉንም መጻፍ ነበረባት።

ስለ ቪዲዮው ልጅ ደግሞ ላውራ፣ ምክንያቱም ከእሱ ጋር ብዙ ተጣልቻለሁ። ሁለተኛው ረዳታችን ሥራው ቁጥር ነው። እያንዳንዱን ሰርቭ ስቀበል ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠኛል። ኳሱ ከወደቀ ወይም ከሜዳ ከወጣ 0። ሴተሯ፣ ማለት ለአጥቂዎች ኳስ የምታመቻቸው ልጅ፣ ሁሉንም አጥቂዎች መጠቀም የምትችልበት ቦታ ላይ ካደረስኩላት 3። በመሃል ያሉት 1 እና 2 ናቸው። መጀመሪያ ዓመት ላይ ይሄን ነገር ጠልቼው ነበር። ልቤ እስኪፈርስ ሮጬ ያነሳሁት ኳስ «1» ተብሎ ሲጻፍ ሳይ እንባ ተናንቆኛል። አንድ ቀን ፊት ለፊት «አንተ ጨዋታውን አታየውም፣ ቁጥር ነው የምታየው» አልኩት።

እሱ አልመለሰልኝም። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣና አሥር ደቂቃ ብቻ ስጪኝ አለኝ። 1 ያገኘሁባቸውን ኳሶች በሙሉ አንድ ላይ ቀጣጥሏቸዋል። አንድ ላይ ሲታዩ ታሪኩ ሌላ ነው። በሁሉም ላይ ማለት ይቻላል፣ ኳሱ እጄ ላይ ሲደርስ እግሬ ገና አልቆመም ነበር። እየሮጥኩ ነው የምቀበለው። እጄን ሳይሆን እግሬን ነበር ማስተካከል የነበረብኝ፣ እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ እጄን ስለማመድ ነበር የከረምኩት። «መጥፎ ነሽ» አላለኝም። እግሬን አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እየሄድኩ ራሴ መጠየቅ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ፊዚዮአችን ልምጣ። በቮሊቦል በብዛት የሚጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው። መረቡ ጋ ዘለሽ ስትወርጂ የሌላ ሰው እግር ላይ ታርፊያለሽ፣ እግርሽ ይጠመዘዛል። ጉልበት ደግሞ አለ። በሚዘለልባቸውና ድንገት በሚዞርባቸው ስፖርቶች የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በብዛት ይደርሳል። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ሩብ ሰዓት እንዴት ማረፍ እንዳለብን ብቻ የምንለማመደው። መዝለል አይደለም፣ ማረፍ። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ በሁለት እግር፣ በዝግታ። ከውጭ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው። እኛንም አሰልችቶናል፣ አልዋሽም። ግን ዛሬ እዚህ ሆነው እየሰሙኝ ያሉ ልጆች በሁለት እግራቸው ቆመው የሚመረቁት ከዚያ ሩብ ሰዓት የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ቁርጭምጭሚቴ ተጠመዘዘ። ከትልቅ ጨዋታ በፊት ማለት ነው። እብጠቱ ቀንሷል፣ መራመድ እችላለሁ፣ መጫወት እፈልጋለሁ። ፊዚዮዋን ለመንኳት። በአንድ እግርሽ አሥር ጊዜ ዝለይ አለችኝ። አራተኛው ላይ ፊቴ ተለወጠ፣ አይታዋለች። «አትጫወትም» ብላ ለኮች ነገረቻቸው። እኔ ኮች ፊት አለቀስኩ። እሳቸውም ያ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው አውቃለሁ። ግን አንዴ እንኳ «እርግጠኛ ነሽ?» ብለው አልጠየቋትም። «እሺ» አሉና ሌላ ሰው አሰለፉ።

ስለ ኮች ብዙ ሰው ብዙ ነገር ያወራል፣ ስለ ዕውቀታቸው፣ ስለ ልምዳቸው። እኔ በጣም የማከብራቸው ስለዚያች «እሺ» ነው። ከሳቸው በዕድሜ በጣም የምታንስ ባለሙያ አይሆንም ስትላቸው የሚሰሙ ሰው ናቸው። እንደዚህ ያልሆነ ቤትም አለ። ሌላ ቡድን የምትጫወት አንዲት ጓደኛዬ በሰው ፊት ሚዛን ላይ እየወጣች ክብደቷ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። መብላት ፈራች። የወር አበባዋ ለወራት ቀረ፣ ሰውነቷ የሚያወጣውን ያህል ጉልበት እየተመገበች አልነበረም። የምትነግረው ሰው አልነበራትም። እኛ ጋ ፊዚዮዋ ይሄን ጥያቄ በር ዘግታ፣ በግል፣ እንደ ማንኛውም የጤና ጥያቄ ነው የምትጠይቀው። ልዩነቱ ገንዘብ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

ይሄ የብዙ ሰው ሥራ መሆኑን ትልልቆቹም ያውቁታል። ላንግ ፒንግን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 ለቻይና ተጫውታ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፣ በ2016 ደግሞ ሪዮ ላይ የቻይና ሴቶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆና ወርቅ አገኘች። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የኦሎምፒክ ቮሊቦል ወርቅ በመውሰድ የመጀመሪያዋ ናት። እሷም ብቻዋን አልሠራችም፣ የአካል ብቃትና የተሃድሶ ባለሙያዎችን ከጎኗ አድርጋ ነው።

አንድ ሌላም አለች፣ ይቺን በተለይ ለሴቶቹ ነው የምነግራችሁ። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቮሊቦል ከፍተኛው ሻምፒዮና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሴት ዋና አሰልጣኝ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳችው መቼ ይመስላችኋል? በ2024። ኬቲ ሹማከር-ካውሊ፣ ከፔን ስቴት ጋር። በተጫዋችነት እዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሻምፒዮን ሆና ነበር። ዋንጫውን ያነሳችውም የጡት ካንሰር ሕክምና እየተከታተለች ባለችበት ዓመት ነው። የሴቶች ውድድር ሆኖ ሳለ ከአርባ ዓመት በላይ ዋንጫውን የሚያነሱት ዋና አሰልጣኞች ወንዶች ብቻ ነበሩ ማለት ነው። ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። ሴቶቹ ተጫውተው ሲጨርሱ ወንበሩ ላይ ቦታ የሚሰጣቸው ሰው ስላነሰ ነው።

እና አሁን ወደ ልመናዬ። የዩኒቨርሲቲው አመራሮች እዚህ ስላላችሁ ፊት ለፊት ልናገር። የእኛ ረዳቶች የሚቀጠሩት በውድድር ወቅት ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ውላቸው ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሰው አዲስ ሊሆን ይችላል። ያ አዲስ ሰው የማንን ጉልበት እንደምንጠብቅ አያውቅም። እግሬ ሳይቆም ኳስ እንደምቀበል ለማወቅ ግማሽ ወቅት ይፈጅበታል። የመጀመሪያ ዓመት ልጅ የምታምነው ሰው ለማግኘት ደግሞ ከዚያም በላይ ትቆያለች። እባካችሁ ዓመቱን ሙሉ አቆዩዋቸው። ከአዲስ ማሊያና ከአዲስ ኳስ በፊት ይሄን አስቡ። እኛ ተጫዋቾቹ በአሮጌው ማሊያ መጫወት እንችላለን፣ ተነጋግረንበታል፣ የሁላችንም ሐሳብ ነው።

ዘንድሮ አብራችሁኝ ለምትመረቁት ደግሞ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ ዓመትም ቢሆን ረዳት ሁኑ። እኔ ጠይቄያለሁ፣ ከታች ካሉት ልጆች ጋር ሰርቭ መቀበልን ብቻ እንድሠራ ኮች እሺ ብለውኛል። ደብተር ገዝቻለሁ።

የመጨረሻው ነገር። ሕጉ ረዳቶቹ እንዲቀመጡ እንደሚያዝ ነግሬያችኋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እነሱ ተቀምጠው፣ እኛ ቆመን፣ ጭብጨባው ለእኛ ሆኖ አይቻለሁ። ዛሬ እዚህ ዳኛ የለም። ስለዚህ ሁለቱ ረዳቶቻችን፣ ፊዚዮአችንም፣ እባካችሁ ተነሱና ቁሙ። ኮች፣ እርስዎ ዛሬ ይቀመጡልን።